ውሃ በሚመጣበት ቀን የሚጀምር ሳምንት፦ ውሻ፣ ድመትና ዶሮ ላለበት የአዳማ ቤት

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አንሶላው፣ የልጆቹ ዩኒፎርም፣ የአልጋ ልብሱ ሁሉ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ውሻችንን መቻልን አጥቤ እንደለቀቅኩት በቀጥታ ሄዶ ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት አፈር ላይ ተጋደመ። ከዚያ ተነስቶ አንሶላው ሥር ቆመና ራሱን አራገፈ። ቧንቧውን ብከፍት አየር ብቻ ፉ አለ። አርብ ሌሊት የመጣው ውሃ አልቋል፣ ሮቶው ባዶ ነው፣ ቀጣዩ ደግሞ ሰኞ ሌሊት ነው።

ያን ጊዜ ሁሉንም ሥራ ቅዳሜ ላይ እንቆልል ነበር። አሁን ሳምንታችን የሚጀምረው ውሃ በሚመጣበት ቀን ነው። አራት ሰው፣ አንድ ውሻ፣ አንዲት ድመትና ስድስት ዶሮ ያሉበት ግቢያችን በዚህ አካሄድ ነው የሚተዳደረው። እናንተ ሰፈር የውሃው ቀን ሌላ ከሆነ የቀኖቹን ስም ቀይሩት፤ ቅደም ተከተሉን ግን ባትነኩት ይሻላል። ብዙ ውሃ የሚፈልግ ሥራ ውሃ በመጣ ማግስት ይሠራል፣ የሚያቆሽሽ ሥራ ከሚያጸዳው ይቀድማል፣ እንስሳቱ ግን ማንንም አይጠብቁም።

መጀመሪያ ሁለት ሳምንት መዝግቡ

ፍሪጅ ላይ ወረቀት ለጥፉና ውሃ የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት፣ መብራት የጠፋበትን ጊዜ ጻፉ። ሌላ ምንም አትቀይሩ። ፈረቃ የተባለው ሌላ፣ ቧንቧው የሚያደርገው ሌላ ሊሆን ይችላል። እኛ የተነገረን ሰኞና አርብ ማታ ነው፤ ወረቀቱ የነገረን ግን ውሃው ጉልበት አግኝቶ ሮቶው ድረስ የሚወጣው ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ መሆኑን ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቆመን የምንጠብቀው በከንቱ ነበር።

ሰኞ ሌሊት፦ አሞላል ተራ አለው

መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ብዙ ጊዜ ደፍርሶ ነው። እሱን ወደ በርሜል አስገቡት፤ ለወለልና ለሽንት ቤት ይሆናል። ጠርቶ ሲመጣ የሚጠጣውን በጄሪካን ቅዱ፣ ከዚያ ወደ ሮቶ ልቀቁት። ብዙ ሰው ሮቶውን ያስቀድምና ደለሉን ሁሉ እዚያ ያጠራቅማል።

የእንስሳቱን ድርሻ ለብቻው አስቀምጡ። አንዲት ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ትጠጣለች፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት እጥፍ ልትጠጣ ትችላለች። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ አንድ ሊትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይበቃዋል። ድመቷ ከሩብ ሊትር አታልፍም። ተደምሮ በሳምንት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አይሞላም። ያን ያህል ትንሽ ስለሆነ ነው የሚረሳው፤ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠማው እነሱን ነው። ጄሪካኖቹን በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፣ ማንም ቡና ሊያፈላበት አይነካቸውም።

በየሦስት ወሩ፣ ሮቶው ሊያልቅ ሲል፣ ውስጡን እጠቡት። በረጅም እጀታ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ ደለሉን አውጡ። ከዚያ በ10 ሊትር ውሃ ውስጥ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 40 ሚሊ ሊትር (ሦስት የሾርባ ማንኪያ ግድም) ጨምራችሁ ግድግዳውን ቀቡት፣ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፣ አለቅልቁ። ሮቶውን ክሎሪን በገባበት ውሃ ሞልቶ አሳድሮ መድፋት የሚባልም ዘዴ አለ፤ አዳማ ላይ 1,000 ሊትር ውሃ የሚደፋ ሰው ግን አላየሁም። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለነው፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይቀንስም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ይጠነክራል።

በየቀኑ ጠዋት፦ 25 ደቂቃ

ከ12 ሰዓት ጀምሮ። ዶሮዎቹን ልቀቁ፣ የውሃ ዕቃቸውን አለቅልቁና ሙሉ፣ መኖ ስጡ፤ ለአንዷ እንቁላል ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ይበቃታል። የውሻውን ዕዳሪ በአካፋ አንሱ። የድመቷን አሸዋ ፈትሹ፤ ቤት ውስጥ እርጉዝ ካለች ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራው። ሁሉንም እንስሳ አንድ ጊዜ በዓይናችሁ እዩ፦ የበላ፣ ያልበላ፣ የሚያነክስ። አንገቷን ቀብራ ከሌሎቹ ተለይታ የቆመች ዶሮ ካለች ዛሬውኑ ለዩዋት፤ ፈንግል ከሆነ ነገ ስድስቱም ይተኛሉ። ልጆቹ ይህን ሥራ ይችሉታል። የእኔ ትንሹ የ8 ዓመት ልጅ ነው፣ ከእኔ ቀድሞ ያያል።

ማክሰኞ፦ ልብስ

ከከተማችን በላይ ያሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ የተተከሉት ያለ ነገር አይደለም። ነፋሱ ሲነሳ አቧራውን ይዞ ነው፣ እርጥብ ልብስ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጭቃ ነው። ስለዚህ ማታውኑ ዘፍዝፉ፣ በማለዳ እጠቡ፣ ነፋሱ ሳይበረታ አውርዱ። እኛ ጋ ከረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ የተሰጣ ልብስ ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል።

ተራው ነጭ፣ የልጆች፣ ጥቁር፣ ከዚያ መወልወያ ጨርቅ ነው። በመጨረሻ የውሻና የድመት ምንጣፍ ይገባል፣ በፈላ ውሃ። የቁንጫ ዕንቁላል ከእንስሳው ገላ ላይ ይረግፍና የሚፈለፈለው ምንጣፍና ወለል ላይ ነው። ውሻውን ብቻ እያጠበ ምንጣፉን የሚተው ሰው ቁንጫ አይጠፋለትም። ምንጣፉን ከመዘፍዘፋችሁ በፊት ውጭ አራግፉት፤ ፀጉሩ የቱቦውን ጉሮሮ ይዘጋል። ያለቀለቃችሁበት ውሃ በረንዳውን ያጥባል።

ረቡዕ፦ እንጀራና የእንስሳቱ ድስት

ረቡዕን የመረጥኩት ሰፈራችን ላይ ጠዋት መብራት ስለማይጠፋ ነው፣ ከወረቀቱ ያገኘሁት ነው። ሊጡ እሁድ ማታ ተቦክቷል። ማክሰኞ ማታ ከላይ የረጋውን ቢጫ ውሃ ቀስ ብላችሁ ድፉ፣ ለቀጣዩ እርሾ ትንሽ አስቀሩ። ረቡዕ ንጋት ላይ አብሲት ጣሉ፦ አንድ ሊትር ያህል ውሃ አፍሉና ሁለት ጭልፋ ሊጥ በቀጭኑ ጨምሩበት፣ እንደ አጥሚት እስኪወፍር አማስሉ። ለብ ሲል ወደ ሊጡ መልሱት። ጣታችሁን ነክራችሁ ካቃጠላችሁ አልደረሰም፤ ትኩሱን ከጨመራችሁት እርሾው ይሞታል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሊጡ ኩፍ ብሎ አረፋው መሰነጣጠቅ ሲጀምር ምጣዱን ለኩሱ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ሦስት ሌሊት ይበዛበታል፣ ይኮመጥጣል፤ ያን ጊዜ ሰኞ ማታ አቡኩት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ግድም ይስባል። ካውያና ምድጃ አብራችሁ አትሰኩ። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ምጣዱ ገና ትኩስ ነው፤ የሳምንቱን የእንቁላል ቅርፊት በላሜራ ቁራጭ ላይ አድርጋችሁ አክንባሎውን ድፉበት። እስኪቀዘቅዝ ደርቆ ይሰባበራል። አድቅቃችሁ መኖ ላይ በትኑት፣ ለዶሮዎቹ ቅርፊት መሥሪያ ካልሲየም ነው። ሳይደቅ ከሰጣችኋቸው እንቁላል መሆኑን ይለዩና የራሳቸውን እየሰበሩ መብላት ይለምዳሉ።

ቀጥሎ የእንስሳቱ ድስት ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በብዙ ቤት ውሻ የሚበላው ትራፊ ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ፣ የጾሙም የፍስኩም፣ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በስሎም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ በድመት ላይ ደግሞ ይብሳል። አንድ ቀን ሽሮ የላሰ ውሻ ወድቆ ስለማይሞት ነው የማናስተውለው። በየቀኑ ሲደጋገም ግን ድዱ ይነጣል፣ ይደክማል፣ «አርጅቶ ነው» እንላለን።

እናቴን ይህን ማሳመን ጊዜ ፈጅቷል። «ልጄ፣ ውሻ አጥንትና ትራፊ ካልበላ ምን ሊበላ ነው? ክትፎ?» አለችኝ። አይደለም እማዬ፣ ቅንጨ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በትልቅ ድስት የስንዴ ቅንጨ ወይም ሩዝ፣ ካሮት፣ የበሬ ሳንባና ልብ፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው እቀቅላለሁ። በአራት ዕቃ ከፍዬ ሦስቱን ፍሪዘር አስገባለሁ። ሥጋው የሚበዛበት ድርሻ የድመቷ ነው። ድመት እንደ ውሻ በእህል መኖር አትችልም፤ ዓይኗንና ልቧን የሚጠብቀው ታውሪን የሚባለው ነገር ከሥጋ ነው የሚገኘው፣ ልብ ውስጥ ደግሞ ብዙ አለ። በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ እኛ ስንጾም እሷም አብራ መጾም የለባትም። የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው፣ ከዚያ እንገዛለን።

ሳንባና ጉበት በጥሬው አትስጡ፣ በተለይ በበዓል ሰሞን። በጉ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካያችሁ የኮሶ ዓይነት ትል እጭ ሊሆን ይችላል። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ዕንቁላሉ ከዕዳሪው ወደ ልጆቹ እጅ ይሻገራል፣ ሰው ጉበት ውስጥ ደግሞ ያንኑ እብጠት ያበቅላል። እብጠት ያለበትን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ይቅር፣ ሲሰነጠቅ እንደ መርፌ ነው።

ሐሙስ፦ ውሃ የማይፈልግ ሥራ

ሮቶው እየጎደለ ነው፣ ስለዚህ ደረቅ ሥራ። የዶሮዎቹን ሰጋቱራ አገላብጡ፣ የረጠበውን አውጡ። ኩሱን ጥግ ላይ ከምሩትና ሁለት ሦስት ወር ይብሰል፤ ትኩሱን ጎመን ሥር ብታደርጉት ያቃጥለዋል።

ማታ ውሻው ላይ መዥገር ፍለጋ። ጆሮ ውስጥ፣ በጣቶቹ መሃል፣ ብብቱ ሥር። ካገኛችሁ በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ጋዝ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል አያስፈልግም። ለቁንጫና ለመዥገር የሚሸጥ መድኃኒት ስትገዙ ለየትኛው እንስሳ እንደሆነ ጠይቃችሁ፣ ጽሑፉንም አንብቡ። አንድ ሱቅ «ለሁለቱም ይሆናል» ብሎ የሸጠልኝን የውሻ ጠብታ ድመታችን ሻሼ ላይ አደረግሁ። በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ጆሮዋና መዳፏ ይርገፈገፋል። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቤ ወደ እንስሳት ሐኪም በባጃጅ ሮጥኩ፣ ተረፈች። ፐርሜትሪን የሚባለው ነበር፤ ውሻ ይችለዋል፣ ድመት አትችለውም። ለከብት የሚረጨው ዲያዚኖንም ለድመት መርዝ ነው።

አርብ

ምንም አልመድብም። ለቅዳሜ የሚሆነው ሚስማርና እንጨት መኖሩን አያለሁ፣ ሌሊት ውሃ ይሞላል።

ቅዳሜ፦ አንድ ፕሮጀክት፣ ሦስት ሰዓት

ሕጌ አንድ ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት፣ አንድ ሥራ ብቻ፤ 5 ሰዓት ሲሆን ያልጨረስነው ለሌላ ቅዳሜ ያድራል። የመስኮት ወንፊት መቀየር አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል፣ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ከመነሳቱ በፊት ቢሠራ ጥሩ ነው። የዶሮ ቤቱ ግን ሦስት ቅዳሜ ወሰደብን፣ እንዲህ አድርገን፦

በፊት ባለው ሳምንት እንጨት ላይ ላስቲክ አስራችሁ ግቢ ውስጥ ትከሉ። ላስቲኩ ወዴት እንደሚበር እዩ፤ ነፋሱ የሚመጣበት ጎን ድፍን ግድግዳ ይሆናል፣ ተቃራኒው ሽቦ። ያለዚያ ዶሮዎቹ ሌሊቱን ሙሉ አቧራ ሲተነፍሱ ያድራሉ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አጽሙ ነው። ለስድስት ዶሮ 2 ሜትር በ1 ሜትር ይበቃል። አራት የባህር ዛፍ አጠና ቋሚ፣ ወለሉ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ከፍታው ለጽዳት ይመቻል፣ አይጥም ከሥሩ አትፈለፈልም። የቋሚዎቹን እግር የተቃጠለ ዘይት ቀቡ፣ ምስጥ ይፈራዋል።

ሁለተኛው ቅዳሜ ጣራና ሽቦ። ቆርቆሮውን ወደ ኋላ አዘንብሉት፣ ከሥሩ ሰሌን ወጥሩ። ባዶ ቆርቆሮ በአዳማ ቀትር ምጣድ ነው፣ ዶሮ አፏን ከፍታ ስታለከልክ ካያችሁ ሞቋታል ማለት ነው። ሽቦ ላይ ግን አትቆጥቡ። ያ ቀጭኑ ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ዶሮ ከመውጣት ያግዳል እንጂ ሸለምጥማጥ ከመግባት አያግድም። እኛ መጀመሪያ እሱን አድርገን ሁለት ቄብ በአንድ ሌሊት አጥተናል፤ ጠዋት ላይ ያገኘነው ላባና ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽቦ ብቻ ነበር። የተበየደውን፣ ዓይኑ ጠባብ የሆነውን ግዙ፣ ቢያንስ ከታች እስከ 60 ሳንቲ ሜትር። በሚስማር ብቻ ሳይሆን በጣውላ ቁራጭ አጣብቃችሁ ምቱት፣ በሚስማር ብቻ የተያዘ ሽቦ ይጎለጎላል።

ሦስተኛው ቅዳሜ በር፣ ቆጥና የእንቁላል መጣያ። መጣያው ሁለት የእንጨት የቲማቲም ሳጥን ነው፣ ጭድ ይነጠፍበታል፤ አንዱ ለሦስት ዶሮ ይበቃል። ቆጡ ውፍረቱ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የተላገ አጠና ይሁን፣ ለአንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ቦታ። ቆጡ ከመጣያው ከፍ ማለት አለበት። ዶሮ የምታድረው ከፍ ያለው ላይ ነው፤ መጣያው ከበለጠ እዚያው አድራ እንቁላሉን በኩስ ትለውሰዋለች። የበሩ መቀርቀሪያ ብረት ይሁን፣ ገመድ አይሆንም። ወለሉ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ሰጋቱራ። ዶሮዎቹን አንድ ሳምንት ሳታስወጡ እዚያው አቆዩአቸው፣ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ራሳቸው ይገባሉ።

መቻልን በሰንሰለት ይዘን ሽቦው ፊት በየቀኑ አሥር ደቂቃ አስቀመጥነው። ዝም ሲል ዳቦ፣ ሲጮህ ምንም። በሦስተኛው ሳምንት ጀርባውን ሰጥቷቸው መተኛት ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ጽዳት ነው፤ አቧራ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ መወልወል። በወር አንዴ ውሻ ይታጠባል፣ በለስላሳ ሳሙና፣ ጆሮው ውስጥ ውሃ ሳይገባ፤ የዱቄት ሳሙና ቆዳውን ይልጠዋል። ከዚያ መቻል አንሶላው ሥር የተራገፈበት ቅዳሜ ያስተማረኝን አትርሱ፣ እስኪደርቅ ድረስ በረንዳው ላይ ይታሰር።

እሁድ፦ ደብተሩ

ከቡናው በኋላ አንድ ደብተር እከፍታለሁ። እንቁላል ስንት፣ መኖ ስንት ወጣ፣ የማን ክትባት ደረሰ። ቡችላና ድመት ከሦስተኛ ወራቸው ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳሉ፣ ከዚያ በየዓመቱ። የክትባት ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሉት፣ የኔን አይጥ በልታዋለች። የዶሮዎቹ የፈንግል ክትባት ሲደጋገም ነው የሚሠራው፤ በስንት ወሩ እንደሚደገም እንደ ክትባቱ ዓይነት ስለሚለያይ ስታስከትቡ ጠይቁና ቀኑን ጻፉ።

በደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ የጻፍኩት ሌላ ነገር አለ። የማይታወቅ ውሻ ልጅ ቢነክስ፦ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ በሰዓት እየቆጠሩ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም። ቁስሉ ላይ ቡና መነስነስ፣ መድኃኒት አዋቂ ፍለጋ መሄድ ጊዜ ይበላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም። ቀይ ምልክት ያለባቸው ጄሪካኖች ሁልጊዜ ሙሉ የሚሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፣ ቧንቧው በደረቀ ቀንም ለ15 ደቂቃ የሚወርድ ውሃ አለ ማለት ነው።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ጤፉ ይነፋል፣ ከባለፈው የተረፈው እርሾ ይገባበታል፣ ይቦካል፣ ይከደናል። ሻሼ ሙቀቱን ስለምትወድ ክዳኑ ላይ ትተኛለች፤ ስለዚህ ሰፌድ ሳይሆን ከባድ የድስት ክዳን አድርጉበት።